ኩርፊያ ከአባት ይወረሳል እንዴ?

የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ተራ ሊመስላችሁ ይችላል፣ እኔን ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል።

የሰባት ዓመት ልጅ አለኝ። ሰኞ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምሳ ዕቃውን ከፈትኩት። እንዳለ ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ የሠራሁት ፓስታ ደርቆ አንድ ላይ ተጣብቋል፣ ሹካው እንኳ አልተነካም። «ለምን አልበላህም?» አልኩት። «ረሳሁ» አለኝ። በቃ ይቺው ናት። አልመታሁትም፣ አልጮህኩበትም። ዝም አልኩት። እራቱን አቀረብኩለት፣ አላየሁትም። የቤት ሥራውን ሊያሳየኝ ሲመጣ በጣቴ ጠረጴዛውን አሳየሁት፣ እዚያ አስቀምጠው ለማለት። ማክሰኞም እንደዚሁ። ረቡዕ ማታ ጥርሱን እየቦረሸ፣ አረፋው አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ዞር አለና «እማዬ፣ ኩርፊያሽ ስንት ቀን ቀረው?» አለኝ።

ስንት ቀን ቀረው! ትምህርት ቤት እስኪዘጋ እንደሚቆጥር ሁሉ።

ያኔ ነው ድንግጥ ያልኩት። ምክንያቱም እኔም በሱ ዕድሜ የአባቴን ኩርፊያ በጣቴ እቆጥር ነበር። ጋሼ (አባታችንን እንደዚያ ነው የምንጠራው) እጁን አንስቶብን አያውቅም። የጎረቤት ልጆች በቀበቶ ሲገረፉ፣ በርበሬ ሲታጠኑ፣ እኛን «ታድላችሁ» ይሉን ነበር። እኔ ግን አንዳንዴ «ምነው መትቶኝ በተገላገልኩ» እላለሁ። ዱላ ያልቃል። የጋሼ ዝምታ ግን አምስት ቀን፣ ስምንት ቀን፣ አንዴ ሁለት ሳምንት ሄዷል። ሲያልቅም ማለቁ አይነገርሽም። አንድ ቀን ጠዋት «ጫማሽን ጥረጊ» ይልሻል፣ ታረቅን ማለት ነው። ምን እንዳጠፋሁ፣ ለምን ይቅር እንደተባልኩ፣ አንድ ቀን ተወርቶ አያውቅም። የሚገርመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያኮርፈው በፈተና ውጤት ወይም በረብሻ አይደለም። ምሳ ዕቃዬ እንዳለ ሲመለስ ነው! ብክነት የሚጠላ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

አምና ለቅሶ ላይ አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እንዲሁ ወሬ ወሬን ሲያነሳው፣ የጋሼ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም በቀይ ሽብር እንደተገደለ ነገረችኝ። እኔ 33 ዓመቴ ነው። እንደዚያ ያለ አጎት እንደነበረኝ እንኳ አላውቅም ነበር። ጋሼ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነው። አስከሬን አልተሰጣቸውም፣ አያቴም እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር አለችኝ። ከዚያ ሰው መጣና ወሬው ተቀየረ። አያቴን ትንሽ ትንሽ አስታውሳታለሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ የምትቀመጥ፣ የማትናገር ሴት ነበረች።

እና ጥያቄዬ፦ ይሄ ነገር በዘር ነው የሚመጣው? አያቴ ዝም፣ አባቴ ዝም፣ አሁን ደግሞ እኔ። አባቴን ልጠይቀው ወይስ የዳነ ቁስል መነካካት ይሆንብኛል? ልጄንስ ምን ልበለው? ይቅርታ ብለው ይንቀኛል ብዬ እፈራለሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ።

ገራገሩ

ኩርፊያማ ብሔራዊ ስፖርታችን ነው እኮ! የኛ ቤት እናቴ ስታኮርፍ ሰሐን ጠረጴዛ ላይ የምታስቀምጥበት ድምፅ ራሱ ቋንቋ ነበር። ቀስ ካለ ተስፋ አለ። ጓ ካለ ሰንብት። አባቴ ደግሞ በኛ በኩል ነው መልእክት የሚልከው። «ለእናትህ ሽሮው ጨው በዝቶታል በላት»፣ እሷ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብላ!

እየቀለድኩ አይደለም ግን። የልጅሽ ጥያቄ አሳቀኝ፣ ቆይቶ ደግሞ ሆዴን በላው። እኔ 29 ዓመቴ ነው፣ እስካሁን ሚስቴ አሥር ደቂቃ ዝም ካለች «ምን አጠፋሁ?» እያልኩ ቤቱን እዞራለሁ። እሷ ስልክ እያየች ነው።

ጡረተኛው

ልጄ፣ አትቀየሚኝ። የዛሬ ልጆች ግን ሁሉን ነገር በሽታ አደረጋችሁት። እኔ 64 ዓመቴ ነው። በለበቅ ተገርፌ፣ ጭኔን ተቆንጥጬ፣ በርበሬ ታጥኜ ነው ያደግሁት። አምስት ልጅ አሳድጌያለሁ፣ አንዱም አላበደም። አባቴ «ስሜትህ እንዴት ነው» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ለነገ ጤፍ የሚያስብ ሰው ስሜት አይጠይቅም። ማብላቱ፣ ማልበሱ ነበር ፍቅሩ።

አባትሽ ከነዚያ ዓመታት ወጥቶ፣ ሳይሰክር፣ ሳይማታ ልጅ ማሳደጉን አመስግኚ። እናንተ ቀይ ሽብርን ከመጽሐፍና ከሙዚየም ነው የምታውቁት። እኛ በሰፈር ነው የምናውቀው። ጠዋት ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ መንገድ ዳር ሬሳ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት። የጥይት ዋጋ ክፈሉ ተብለው ነው የልጃቸውን አስከሬን የወሰዱት፣ ያውም የተሰጣቸው። ድንኳን መትከል የለም። ያለቀሰች እናት እሷም ትጠረጠራለች። ሰው ዝም ካላለ በምን ይኑር?

ነጭ ጋዋን

ጋሼ ጡረተኛው፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ እኔ ልጽፈው ካሰብኩት ሁሉ ትበልጣለች። ዝምታው ያኔ መድኃኒት ነበር። ያዳነ መድኃኒት። ችግሩ፣ በሽታው ካለፈ በኋላም ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ መሰጠቱ ነው።

እኔ የሥነ አእምሮ ነርስ ነኝ፣ 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። የሰሚቷ፣ ጥያቄሽ ብዙ ስለሆነ መልሴም ይረዝማል፣ ቻይኝ።

መጀመሪያ የዝምታውን ነገር። ኤድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሠራው ሙከራ አለ። እናት ጥቂት ወራት የሆነው ሕፃኗን ታጫውታለች። ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊቷን ግድግዳ ታደርገዋለች። አትቆጣም፣ አትሄድም፣ እያየችው ነው፣ ግን ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቅላታል። እንቢ ሲል እጁን ይዘረጋል፣ ይንጫጫል፣ የሚያውቀውን ዘዴ ሁሉ ይሞክራል። ሲያቅተው ፊቱን ያዞራል፣ ትከሻው ይወድቃል። ሥልጠና ላይ ቪዲዮውን ሲያሳዩን አብረውኝ ከነበሩት ወንዶች አንዱ ተነስቶ ወጣ። እሱም የሚያኮርፍ አባት ነበረው።

ይህን ያመጣሁት ልኮንንሽ አይደለም። የዚሁ ሰውዬ ሥራ ሁለተኛ ግማሽ አለው፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ደህና የሚባሉ እናቶችና ልጆች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይገጣጠሙም። እሱ ሲስቅ እሷ ደክሟታል፣ እሷ ስትጠራው እሱ ኳስ ላይ ነው። ልጅን የሚያጸናው አለመቃቃር አይደለም፣ ከተቃቃሩ በኋላ ተመልሶ መገናኘት ነው። ባንቺ ቤት የጎደለው እሱ ነው። ኩርፊያው ሲያልቅ «ጫማሽን ጥረጊ» ተባልሽ እንጂ ማንም ተመልሶ አልመጣልሽም።

«ተገርፈን ምን ሆንን» ለሚለው፣ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። ድብደባው፣ ስድቡ፣ ችላ መባሉ፣ እቤት ውስጥ የሚጠጣ ወይም አእምሮው የታመመ ሰው መኖሩ፣ እናት ስትደበደብ ማየቱ… እነዚህ በተደራረቡ ቁጥር ካደጉ በኋላ ድብርቱም፣ መጠጡም፣ ራስን ለማጥፋት መሞከሩም፣ የልብ ሕመሙ እንኳ ሳይቀር ጨመረ። ይሄ የአንድ ሰው ዕጣ ፈንታ አይደለም፣ ብዙ ተደራርቦባቸው ደህና የሆኑ ሞልተዋል፣ እርስዎም አንዱ ይሆናሉ። እኔ ክፍል የሚመጡት ግን ደህና ያልሆኑት ናቸው። ሲመጡ ደግሞ «አዝኛለሁ» አይሉም። «ጨጓራዬ»፣ «ራሴን ለሁለት ይከፍለኛል»፣ «ነርቭ ነው መሰለኝ» ይላሉ። ዓመታት ሙሉ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በቱቦ የሚያይ ምርመራ) ተደርጎላቸው፣ ጠበል ተጠምቀው፣ መጨረሻ ላይ ነው እኛ ጋ የሚደርሱት። ለሐዘን ቃል በሌለበት ቤት ያደገ ሰው ሐዘኑን በሆዱ ነው የሚናገረው።

ወላጅ ሲከፋው ልጁ ላይ እንዴት እንደሚደርስ ለማየት ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡር እናቶችን መዝግበው እነሱንም ልጆቻቸውንም ለዓመታት ተከታትለዋል። በእርግዝናና በአራስነት የተጨነቁት እናቶች ሕፃናት በተቅማጥ የመታመማቸው ነገር ከፍ ያለ ነበር። ጭንቀት ተቅማጥ አያመጣም እኮ። ግን ልቧ የወደቀ ሴት ውኃ ማፍላቱም፣ እጅ መታጠቡም፣ ጡት ማጥባቱም ተራራ ይሆንባታል።

አሁን ልጅሽ። ይቅርታ ብለሽው አይንቅሽም። ቁጭ በይና፣ ከተቻለ ዓይን ለዓይን ሳይሆን ጎን ለጎን፣ «ምሳህን ስላልበላህ ተናድጄ ነበር። ሦስት ቀን ዝም ያልኩህ ግን የኔ ጥፋት ነው። ዝም ስልህ የማልወድህ መስሎህ ነበር?» በይው። ከዚያ እሱ ያውራ። ምክር አትጨምሪበት፣ «አንተም ግን…» እንዳትይ፣ እሱ ሁሉን ያበላሸዋል። ሌላ ጊዜ ስትናደጂ ደግሞ ጊዜውን ንገሪው። «አሁን ተናድጃለሁ፣ ቡና ልጠጣና እመጣለሁ።» ከዚያ በእርግጥ ነይ።

አባትሽን በተመለከተ፣ መርማሪ አትሁኚ። የቀይ ሽብር ትውልድ ምርመራ ያውቃል። ከፈለጉ ይነግሩሻል፣ ካልፈለጉ መብታቸው ነው። ሌሊት እየባነኑ የሚጮኹ ከሆነ፣ ወይም መኖር የማይፈልጉ የሚያስመስል ነገር ካወሩ ግን አትጠብቂ። ከአማኑኤል ሆስፒታል ሌላ መታከሚያ የሌለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ አሁን ሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፣ ጤና ጣቢያ ላይም የሠለጠነ ባለሙያ የሚገኝበት አለ።

ላብራቶሪ ልጅ

ኢፒጄኔቲክስ ነው ይሄ! ቁስሉ ዲኤንኤ ላይ ይጻፍና ለልጅ ይወርዳል። ከሆሎኮስት (ናዚዎች አይሁዶችን ከጨፈጨፉበት) የተረፉ ሰዎች ልጆች ላይ ተረጋግጧል። ማለትም የአያትሽ ሐዘን ደምሽ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ነጭ ጋዋን

ወንድሜ፣ ቀስ። ሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ገና እየተከራከሩበት ነው። «ተረጋግጧል» አይባልም። ከዘር የሚመጣ ድርሻ እንዳለ አልክድም፣ ድብርትም ጭንቀትም በቤተሰብ ይሄዳል። ግን የኩርፊያ ጂን የለም።

አይጦቹ ላይ የተሠራውን ልንገርህ፣ እሱ የበለጠ ደስ ይላል። ሞንትሪያል፣ ማይክል ሚኒ የሚባል ሰው ቤተ ሙከራ ነው። አንዳንድ እናት አይጦች ልጆቻቸውን በጣም ይልሳሉ፣ አንዳንዶቹ ብዙም አይልሱም። ብዙ ያልተላሱት ሲያድጉ ድንጉጥ ይሆናሉ፣ ሲወልዱም ልጆቻቸውን አይልሱም። እስከዚህ ድረስ «በቃ ዘር ነው» ትላለህ። ከዚያ ግን ግልገሎቹን አቀያየሯቸው። ከማትልሰው የተወለደችውን ለምትልሰው ሰጧት። ግልገሏ የተረጋጋች ሆና አደገች፣ ስትወልድም ልጆቿን ላሰች። የወለደቻትን ሳይሆን ያሳደገቻትን ነው የመሰለችው። የጂኑ አሠራር ላይ ለውጥ አለ፣ እሱ ትክክል ነህ። ግን ለውጡን ያመጣው መላሱ ነው።

እናትነት ላይ «ደምሽ ውስጥ አለ» ሲባል ሴቶች ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ነው የምቆጣው።

ከናታንያ

ሰላም ከእስራኤል። የሰሚቷ፣ ታሪክሽ የኛን ቤት አስታወሰኝ፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም።

ወላጆቼ ቤተ እስራኤል ናቸው፣ ወደ እስራኤል ለመሻገር በ1976 ዓ.ም ከጎንደር ተነስተው በእግር ነው ሱዳን የገቡት። በመንገድና በካምፑ ወደ 4,000 የሚሆን የኛ ሰው እንዳለቀ ይነገራል፣ ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው። እናቴ ኡም ራኩባ ካምፕ ውስጥ አንዲት ሕፃን ቀብራለች። ይህን ያወቅኩት ወደ 40 ዓመት ሲጠጋኝ ነው። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፣ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

የኛ ቤት ዝምታ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረበት። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ባንክ፣ ክሊኒክ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ለሁሉም አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ ቀን አባቴ ትምህርት ቤት ተጠርቶ መምህሯ ስለኔ ክስ ታወርዳለች፣ አልጽፍም፣ እደባደባለሁ። አባቴ «ምን ትላለች?» አለኝ። «ጎበዝ ነው ትላለች» አልኩት። ራሱን ነቅንቆ፣ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። አገሩ እያለ ሽማግሌ ሆኖ ሰው የሚያስታርቅ ሰው ነው እኮ! እዚህ ልጁ ካልተረጎመለት ወተት መግዛት አቃተው። ያኔ ሳቅሁ። አሁን የኔ ልጅ 14 ዓመቷ ነው፣ ያቺ ቀን ትዝ ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

የልጄ ነገር ነው ልጽፍ ያመጣኝ። እዚህ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቤተሰባቸውን ታሪክ አጥንተው የሚያቀርቡት ሥራ አለ። ልጄ ስልኳን አያቷ ፊት አስቀምጣ፣ በተሰባበረ አማርኛ «እንዴት መጣሽ?» አለቻት። እናቴ ለኔ በአርባ ዓመት ያልነገረችኝን ለሷ በአንድ ከሰዓት ነገረቻት፣ የሕፃኗን ስም ጭምር። እኔ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው የሰማሁት። ለምን ለኔ አልነገርሽኝም ስላት «አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችኝ። አልጠየቅኩማ። እንዳይከፋት ብዬ። እሷም እንዳይከፋኝ ብላ።

ከጅዳ የተመለስኩ

እኔ ጥያቄ አለኝ፣ ወሬያችሁ ውስጥ ስለገባሁ ይቅርታ። ልጄን በሁለት ዓመቷ ለእናቴ ትቼ ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመት። በኢሞ ነው ያሳደግኳት ማለት ይቻላል፣ ያውም ማዳም ስልኩን ስትሰጠኝ። በየወሩ ብር እልካለሁ፣ ጫማ፣ ቦርሳ፣ አሻንጉሊት። ጫማው ሁሌ ይጠባታል፣ እግሯ ማደጉን ማን ይንገረኝ። አምና ስመለስ ኤርፖርት ላይ እናቴን «እማዬ፣ ሴትዮዋ መጣች» አለቻት። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

አሁን 12 ዓመቷ ነው። አትጠላኝም፣ ትታዘዘኛለች፣ እንደ እንግዳ ታከብረኛለች። ያመመኝ እሱ ነው። የኔም እናት በልጅነቴ ለአክስቷ ሰጥታኝ ነው ያደግሁት፣ ያኔ ተራ ነገር ነበር። እና ረፍዷል? ነጭ ጋዋን እባክሽ መልሽልኝ።

ነጭ ጋዋን

እህቴ፣ አልረፈደም። ግን በጫማ አይደለም።

እናት ብቻ ናት ልጅን የምታጸናው የሚል ነገር ከፈረንጅ መጽሐፍ ይነበባል። ስለ ሕፃናትና እናቶች ቁርኝት ስሟ የሚነሳው ሜሪ አይንስዎርዝ የመጀመሪያ የቁርኝት ጥናቷን የሠራችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ። እዚያ ያየቻቸው ሕፃናት ከእናታቸው ሌላ ሰው ጋርም ይቆራኙ ነበር፣ አያት፣ አባት፣ ታላቅ። ልጅሽ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ የማይለወጥ እቅፍ ነበራት። እናትሽን «እማዬ» ማለቷ የደህንነቷ ምልክት ነው እንጂ የክህደት አይደለም። ስለዚህ አትቀሚያት። ከእናትሽ ጋር አትፎካከሪ፣ «እኔ ነኝ የወለድኩሽ» አትበያት። አብራችሁ የምትሠሩት አንድ የማይቀር ነገር ፈልጊ፣ ጸጉሯን ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራትም ሊሆን ይችላል። ጸጉር ሲሠራ ልጅ ታወራለች፣ ፊትሽን ስለማታይ።

አንቺም ተሰጥተሽ ያደግሽ ነሽና፣ አንድ ቀን ለራስሽም ልቅሶ ሊመጣ ይችላል። ይምጣ።

የሰሚቷ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ነጭ ጋዋንን፣ ጡረተኛውንም ጭምር።

ልጄን ይቅርታ አልኩት። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ልክ እንደተባልኩት። ልቤ ሲመታ ልብሴ ላይ ይታይ ነበር፣ ለሰባት ዓመት ልጅ! ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ» አለኝ። ከዚያ «ካርቱን ልክፈት?» አለ። ካርቱኑ መሀል ላይ፣ ቲቪውን እያየ፣ «ረስቼ አይደለም እኮ» አለኝ። «ክዳኑ አልከፈት ብሎኝ ነው። ቲቸርን ክፈቺልኝ ለማለት አፈርኩ።» ተራበ እኮ ልጄ። ተርቦ ቀኑን ሙሉ ዋለ፣ መጥቶም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን ቀጣሁት።

ጋሼን ልጠይቀው አልደፈርኩም። እሑድ ግን ለቡና ሄድን። ልጄ አዲሱን ምሳ ዕቃ ይዞ ነው የሄደው፣ ክዳኑ የሚላላውን፣ ለአያቱ ሊያሳየው። «እማዬ በዚህ ነው ያኮረፈችኝ፣ አያቴ አንተም ታኮርፍ ነበር አሉ» አለው። እናቴ ስኒውን እንደያዘች ቀረች። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ጋሼ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ከፈተው፣ ገጠመው፣ ከፈተው። «የኛ ባለ ሦስት ድርብ ነበር» አለ። ዝም አለ። በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ለኔ ሳይሆን ለልጁ ማውራት ጀመረ፣ ተረት እንደሚያወራ። ወንድም ነበረኝ፣ ታስሮ ነበር፣ ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፣ ትንሽ ስለሆንኩ እኔን አይናገሩኝም ነበር። ባዶውን ይዤ ስመለስ እናቴ ክዳኑን ከፍታ ታየዋለች፣ በልቶ ከሆነ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ሰውዬ ምሳ ዕቃውን አልተቀበለኝም። «ከዛሬ ጀምሮ አታምጣ» አለኝ።

እኔ ገባኝ። እናንተም ገብቷችኋል። ያኔ ቤተሰብ መርዶ የሚደርሰው እንደዚያ ነበር።

ልጄ ግን ምን ይገባዋል። «ታዲያ ምግቡን ማን በላው?» አለው።

ጋሼ «እኔ» አለ። «መንገድ ዳር ተቀምጬ ጨረስኩት። ሙሉውን ይዤ እንዴት ልግባ? እናቴ ባዶውን አየችና ‹እሰይ፣ በላልኝ› አለች።»

ከዚያ ወዲያ አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ሦስተኛው ቡና ቀዝቅዞ ነው የተጠጣው። ስንወጣ ልጄን በሩ ላይ አስቆመውና ክዳኑን እንዴት በአውራ ጣት እንደሚከፍት አሳየው።

ጡረተኛው

እኔም ስንቅ አመላልሼ ነበር ልጄ። ለእህቴ። ልጆቼ አያውቁም።